የቱቦዋ ትንፋሽ

«መብራቱ ነው» ይላሉ ፕሮፌሰሩ፣ ስክሪኑን በቅጡ እንኳ ሳያዩ። ተማሪዎቻቸው እሳቸው በሌሉበት «አይመስለኝም» እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ ቃሏ ከአፋቸው አትጠፋምና ስሙን በላባቸው ነው ያገኙት።

ተመራማሪዋ ጣቷን ከስክሪኑ ላይ አታነሳም። ጠፍጣፋው መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ ብቅ ብላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ምድጃ ውስጥ ልታበቅላት ስትታገል የኖረችው የካርቦን ቱቦ፣ ከፀጉር ሃምሳ ሺህ ጊዜ የቀጠነችው፣ በእርግጥ ካለች፣ ሌዘሩ ሲያርፍባት ርግብግቢቷ እዚያው ቦታ ላይ ነው መታየት ያለበት። ከሌለች ግን የያዘችው ጥላሸት ነው። ፕሮፌሰሩም የመጡት ቁርጧን ሊነግሯት ነው፤ ወይ ትቀጥላለች፣ ወይ ሥራው ዛሬ ይዘጋል።

«የጣሪያ መብራትም እንዲህ ያለ ጉብታ ይሠራል፣ ልጄ። ስንቱን ጉድ አድርጎታል!»

«መብራቱን እናጥፋው፣ ፕሮፌሰር!» ትላለች። መልስ ሳትጠብቅም ወደ ማጥፊያው ትሄዳለች።

መብራቱ ይጠፋል፤ መጋረጃው ይዘጋል። መሣሪያው ከቱቦዋ የሚመለሰውን ብርሃን ቀስ እያለ ሲለቅም፣ መስመሩ ከትርምሱ እየጠራ ይመጣል። ጉብታዋ አለች።

«አይመስለኝም» ይላሉ፣ ድምፃቸው ግን ሳስቷል። «እስኪ ሌዘሩን ከላይዋ ፈቀቅ አድርጊው።»

ፈቀቅ ታደርገዋለች። ጉብታዋ ድርግም ትላለች። ትመልሰዋለች። ያቺው ጉብታ እዚያው ናት።

ፕሮፌሰሩ በዳበሳ ወንበር ፈልገው ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰሌዳ ላይ የሳሉት ነገር ነው፤ በቱቦዋ ዙሪያ ያሉት አቶሞች ሁሉ አብረው ወደ ውጭ፣ አብረው ወደ ውስጥ፣ በሴኮንድ ስድስት ትሪሊዮን ጊዜ።

«ትተነፍሳለች» ይላሉ።

«ትተነፍሳለች» ትላለች እሷም።

ተመራማሪዋን ውርር ያደርጋታል። ደስታ ብቻ ቢሆን ትስቅ ነበር። ይህቺ ነገር ግን ማንም ሳያያት፣ እሷ ራሷ ተስፋ ቆርጣ ባለቀሰችባቸው ቀናት ሳይቀር፣ አንዴም ሳታቋርጥ ስትተነፍስ ኖራለች።

በሩ ገርበብ ይልና የላቦራቶሪው ቴክኒሻን አንገቱን ያስገባል። «የእናንተ ተራ አላለቀም እንዴ?» ይላል ጮክ ብሎ።

የሰው ድምፅ መለኪያውን ቅንጣት ታህል እንደማይነካው ከማንም በላይ የሚያውቁት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ብድግ ብለው፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደገባ ሰው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ።

«ቀስ!» ይላሉ በሹክሹክታ። «ገና ነን።»