በቀን አንድ ሚሊሜትር

ሰውዬው ከማጠሩ የተነሳ ዝናብ እንኳ ከሁላችንም ዘግይቶ ነበር የሚደርስበት። ብትፈልጉ እምላለሁ። ትርሲትን ለማግባት ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ ጋሽ መንበሩ «ልጁስ ጨዋ ነው፤ ግን አጠረብን» ብለው መለሷቸው።

እሱም ለማንም ሳይናገር ባሕር ማዶ ሄዶ፣ ቁመት በሚያስረዝሙ ሐኪሞች ሁለቱንም ቅልጥሞቹን አሰብሮ፣ ዙሪያውን ብረት አስገጥሞ ተመለሰ። ከዚያ አልጋው ላይ ተጋድሞ በየማለዳው የብረቱን ብሎን አንድ ሚሊሜትር ያዞራል። ሲያዞር የሚለቀውን ጩኸት የሰሙ የሰፈሩ አውራ ዶሮዎች መጮኹን ለእሱ ትተውለት ተኝተዋል።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጋሽ መንበሩ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ።

«መኪና ነው አሉ የገጨህ?»

«አይ ጋሼ፣ ለትርሲት ብዬ ነው። ስድስት ሴንቲ ጨምሬያለሁ። ሌላ ሁለት ስጨምር ሽማግሌዎቹን መልሼ እልካለሁ።»

ጋሽ መንበሩ ብርቱካን መላጡን ትተው አፈጠጡበት።

«አንተ ልጅ፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ ልጁን የሚሰጥ አባት የት አየህ? ሰበብ ጠፍቶኝ እኮ ነው ያልኩት! በሳምንቱ ይመለሳሉ ብለን በግ አርደን ስንጠብቅ ዋልን።»

«ታዲያ አሁን ልላካቸዋ!»

«አሁንማ ሌላ ሰው ሽማግሌ ላከ። እሱንም ‹ረዘመብን› ብዬ መለስኩት።»

ሰውዬው ከነብረቱ ቀና አለ። «እና?»

«በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ሠርጉ ጥር ላይ ነው፤ አደራ እንዳትቀር።»