የይሁዳ ድርሻ

ሶይላ ጭልፋውን በድስቱ አፍ ላይ አጋድማ ወንድሟን በራፉ ላይ አስቆመችው። በዚያ የአንዲስ ተራራ መንደር ለጸሎተ ሐሙስ ሾርባ አሥራ ሁለት ቤቶች፣ በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት እህል ያዋጣሉ። ባቄላው፣ አተሩ፣ በቆሎው ሁሉ ገብቶ የቀረው የወንድሟ የኤላዲዮ ግብጦ ብቻ ነበር። ኤላዲዮ ደግሞ ባለፈው ዓመት ዳኛ ፊት ቆሞ «ምንጩ የባለርስቱ ነው» ብሎ በሐሰት የመሰከረ፣ መንደሩን ውሃ ያስነጠቀ ሰው ነው።

«አንተ ይሁዳ! በምን ዓይንህ መጣህ?»

«እትዬ፣ ቀቅዬ ስምንት ቀን ዘፍዝፌዋለሁ። ቅመሽው፤ ከመረረሽ ድፊው።»

«በየትኛው ውሃ? ምንጭ አስተረፍክልን እንዴ?»

«ከታች ከወንዙ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ።»

«ጀርባውስ ደህና ነበር፤ ምላሱ ነው የከዳን» አለች ሙዝ ትጠብስ የነበረች ጎረቤት።

ሶይላ አንዲት ፍሬ ልጣ አላመጠች። መራራነት የሚባል የለባትም፤ ቁርጥ የእናታቸው ግብጦ። ይሄ ይበልጥ አንገበገባት። ግብጦውን ነጥቃ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። ሲንተከተክ ከሰው ሁሉ አስቀድማ አንድ ሳህን ሞልታ ደረቱ ላይ ገፋችለት።

«እንካ ብላ! ይሁዳም ድርሻውን ከጌታ እጅ ተቀብሎ ነው ውልቅ ያለው። በሩ ያውልህ!»

ኤላዲዮ ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበለ። በሩን አየው። ከዚያ ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሶይላ ጭልፋውን እንደጨበጠች ቀረች። ስድብ አጥታ አታውቅም፤ ሳይወጣ ለተቀመጠ ይሁዳ የሚሆን ግን አላገኘችም።