በእናት ድምፅ የሚከፈት

ልብስ ሰፊዋ ስትሠራ ስፒሎቿን የምትይዘው በከንፈሯ ነው። ልጇ ለምትጠይቃት ሁሉ መልሷ በጥርሷ መሃል የምትላት «ቆዪ!» ነበር፤ ልጅቷም «ቆዪ» እየተባለች ዐሥር ዓመት ሞላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ማይክ ያለውን የጌም ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ሳሎን ውስጥ ስትፍለቀለቅ እናቷ ሰማቻት። እንዲህ ያለ ሳቅ ለእናቷ ስቃ አታውቅም። እናት ቀናች። «ያቺ ጎረቤቴ ናት፤ የራሷን ልጆች ትታ በማዳመጫ የኔን የምታባብል!» አለች በሆዷ። የጀመረችውን ቀሚስ ወርውራ ገባች።

ቴሌቪዥኑ ላይ በተከፈተው ጌም ደም እንደ ጎርፍ ይወርዳል። የጌሙ ካርቶን «ከ18 ዓመት በታች ክልክል ነው» ይላል።

«በእኔ ድምፅ ካልሆነ እንዳይከፈት ዘግቼው አልነበር?» አለች በስፒሎቹ መሃል። «ማን ፈቀደልሽ?»

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ።»

«እኔ? መቼ?»

«ስፒል አፍሽ ውስጥ በሌለ ጊዜ።» ልጅቷ ዓይኗን ከደሙ ላይ አልነቀለችም። «ቁጭ ብለሽ ታጫውቺኝ የለ? ተረት ሁሉ ትነግሪኛለሽ።»

እናት ማዳመጫውን ከልጇ ራስ ላይ መንጭቃ የራሷ ጆሮ ላይ ለጠፈችው። «ድምፄን አስመስላ ነው!» ብላ ጎረቤቷን ልክ ልኳን ልትነግራት ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ...» ብላ ስትጀምር፣ ከማዳመጫው ውስጥ የገዛ ራሷ ድምፅ፣ ጥርስ ሳያግደው፣ ረጋ ብሎ መለሰላት።

«ቆዪ! ከልጄ ጋር እየተጫወትኩ ነው።»