ወደ መንገድ የዞሩ ጫማዎች

ዶክተር ልሳኑ ዕድሜውን የፈጀው በየቆላው ወባ ያስተረፈውን ሕዝብ ሲቆጥር ነው፤ ሰው ቆጣሪ ሆኖ ሰው ይንቃል። በ1952 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ ወባው ሲነሳ፣ በባቡር ድሬዳዋ ወረደ። የከተማዋ እናቶች ግን ልጅ ከተቆጠረ ዓይን ይበላዋል ብለው ቁጥር አንናገርም አሉት።

“ድንቁርና!” አለና ዘዴ ፈጠረ፤ በየደጃፉ የወለቀውን ጫማ ይቆጥር ጀመር። ጫማ አይዋሽም።

በጠራራ ፀሐይ ፋዱማ የምትባል እናት ቤት ሲደርስ፣ ከፊሎቹ ጫማዎች አፍንጫቸው ወደ መንገድ ዞሯል።

“እነዚህን ተዋቸው” አለችው። “በወባ የሞቱብኝ ልጆቼ ናቸው። እኛ ቤት የሞተ ሰው ጫማ ወደ መንገድ ይዞራል።”

አንተ ማለቷ ከሐዘኗ ይልቅ ከነከነው። “ሙትማ ምን ይሠራልኛል? የምቆጥረው በሕይወት ያለውን ነው።”

“ግባ እንግዲህ። ጫማህን አውልቅ፣ የምንሰግድበት ምንጣፍ ነው።”

“እኔ እንዳንቺ በባዶ እግሬ ያደግሁ መሰለሽ?”

ምንጣፉን እንደተጫማ ረግጦ ገባ። በወባ ጣፊያቸው አብጦ እንደሆነ ሊያውቅ የተረፉትን ልጆቿን ሆድ አንድ በአንድ ዳበሰ፤ እጁን እየተጸየፈ በመሀረብ ጠረገና ሳይሰናበት ወጣ።

ደጃፉ ላይ ቆመ። ከሟቾቹ ጫማ አጠገብ አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ አለ፤ የተበጠሰው ማሰሪያው ጠዋት ሆቴል ውስጥ በገዛ እጁ እንደቋጠረው ነው። አፍንጫው ወደ መንገድ ዞሯል።

ዶክተሩ እግሩን አየ። ባዶውን፣ በቀትር አሸዋ ላይ ቆሟል።

አሸዋው አላቃጠለውም።