የሚወድቀው ጉሬዛ

በከተማው ሰው መውደቅ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ደረጃ ያዳለጠውን፣ ከበረንዳ የተንሸራተተውን ሁሉ አየሩ ራሱ አቅፎ ያስቀምጠዋል። ነገ ግን ፋንታነሽ የስምንት ዓመት ልጇን ኖላዊትን ይዛ አንኮበር፣ ገደል አፋፍ ላይ ወዳለው የእህቷ ቤት ትሄዳለች። እዚያ አየሩ ማንንም አይዝም።

ስለዚህ ልጇ መውደቅ ምን እንደሆነ እንድታይ፣ የልጅነቷን ጌም ከቁም ሳጥን አናት አወረደች። ካሴቱን እፍ ብላ ስትከተው ዘላዩ ጉሬዛ ብቅ አለ። በአዲሶቹ ማጫወቻዎች ላይ ያለው ጉሬዛ አይወድቅም፤ ይሄኛው ይወድቃል።

ኖላዊት በቀጥታ ወደ ገደሉ ነዳችው።

«እማ፣ ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም፤ ገደል ገብቶ ሞተ!»

«ለምን አልተያዘም ታዲያ?»

«ማን ይያዘው? ጠርዙ ጋ ስትደርሺ ቁሚ እንጂ!»

ልጅቷ እየሳቀች ደግማ ገደል ከተተችው፤ ደግሞም ከተተችው። የፋንታነሽ ደም ፈላ።

«አንቺ ልጅ፣ በቁሜ ልትገድይኝ ነው?» ብላ ጆይስቲኩን ነጠቀቻት። አንድ ላይፍ ብቻ ቀርቶ ነበር። እንዴት እንደሚዘለል ላሳያት ስትል አዝራሩን ዘግይታ ተጫነችና ጉሬዛው ቁልቁል ተምዘገዘገ።

«ወይኔ ልጄን!» የሚል ጩኸት አመለጣት።

የኖላዊት ሳቅ ቆመ። የእናቷን ፊት አየችው።

ማታ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ፣ ሁልጊዜ ደረጃውን እየዘለለች የምትወርደው ልጅ መጀመሪያው እርከን ላይ ተገትራ ቀረች።

«እማ፣ ያዢኝ» አለች። እንዲህ ብላ አታውቅም።

ፋንታነሽ እጇን ጨብጣ ያዘቻት። «እጄን አመመኝ» ብትላትም አላላላችላትም።