ከወለሉ ሥር

የጥገና አለቃው በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ባትሪውን ሽቅብ አበራ። ከመጸዳጃ ቤቱ ወለል ሥር ያለው ብረት ዛሬም ዝጓል።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ዝገት ሲገኝ፣ አለቃ ሆኖ የመረመረው እሱ ነበር። «ቴክኒሺያን ሞላልኝ ብረቱን ሳያደርቅ ነው ፀረ ዝገት የረጨበት» ብሎ ፈረመበት። ሞላልኝ «ልጆቼ ይሙቱ ጋሼ፣ አድርቄው ነበር!» እያለ እግሩ ላይ ቢወድቅም ሰሚ አላገኘም። ከሥራ ተባረረ፤ ዓመት ሳይሞላው በብስጭት ሞተ።

ከዚያ ወዲህ አለቃው ይህችን ቦታ ለማንም አምኖ አያውቅም። በገዛ እጁ ያጥባል፣ በገዛ እጁ ያደርቃል፣ በገዛ እጁ ይረጫል።

«ጋሼ፣ ምን አገኙ?» አለችው መዝገብ ይዛ ከውጭ የቆመችው ቴክኒሺያን።

«ዝጓል።»

«ውይ! ባለፈው የረጨው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሳይደርቅ ረጩት እንዴ?»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት፣ ከበላዩ መጸዳጃ ቤቱን የምታጸዳው ሴት ቧንቧ ከፈተች። ከወለሉ ስንጥቅ አንዲት ጠብታ ወርዳ ግንባሩ ላይ አረፈች። ሌላም ተከተለቻት።

«አድርቄው ነበር» አለ።