የጠገበ ቤት

"በዛሬው ዕለት እኩለ ቀን ላይ በአቶ ድንበሩ ቤት ምሳ የሚበላ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን" አለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀማሪ ማሽን።

ላብራቶሪ የወለደውን አዲሱን ፕሮቲን፣ ሰው የስሌት ሥጋ የሚለውን፣ ለየቤቱ የሚደለድለው እሱ ነው። የሚያሰላውም ገበታ ላይ ከሚሰማው ቃል ነው፤ "ራበኝ" ላለ ይጨምራል፣ "ጠግቤያለሁ" ላለ ይቀንሳል።

ትርንጎ አባቷን ከጠዋት ጀምሮ ስታስጠናቸው ነበር።

"አባባ፣ 'ራበኝ' ይበሉ። አንዲት ቃል ናት። አሁንም ከቀነሰብዎ የሚቀርዎ አጥንት ነው።"

"በእንግዳ ፊት?" አሉ አቶ ድንበሩ፣ በላላ ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ እየበሱ።

እንግዳው ከድልድል ቢሮ የመጣው ጌጡ ነው። "ከሰፈሩ ሁሉ የጠገበ ቤት" የሚል የምስክር ወረቀት ይዞላቸው መጥቷል።

የክብሪት ቀፎ የምታህል ሥጋ ቀረበች።

"አባባ፣ እንዳጠናነው!" አለች ትርንጎ።

"እኔ ጠግቤያለሁ። እንግዳው ይብላ፣ በሞቴ!"

"ተመዝግቧል" አለ ቀማሪው። "የአቶ ድንበሩ ድርሻ ተቀንሷል።"

"አንተ ቆርቆሮ!" ትርንጎ ጭልፋውን ግድግዳው ላይ ወረወረች። "ይሉኝታን ከጥጋብ የማትለይ! አባቴን እኮ በጨዋነታቸው ልትገድላቸው ነው!"

"እህቴ፣ ስሌት አይሳሳትም" አለ ጌጡ፣ ዓይኑን ከሥጋዋ ሳይነቅል። "እኔም በልቼ ነው የመጣሁት።"

"ተመዝግቧል። የአቶ ጌጡ ድርሻ ተቀንሷል።"

ወዲያው የጌጡ ሆድ ረዘም አድርጎ ጮኸ። ማንም ማንንም አላየም።

"ድምፁ አልታወቀም" አለ ቀማሪው። "እባክዎ ይድገሙት።"

የደገመለት የአቶ ድንበሩ ሆድ ነው።